መብራት ለሚጠፋበት ቀን የሚጫን ሰርቨር

ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሰርቨር ላይ መጫን ራሱ ብዙ ጊዜ የሚወስድ ሥራ አይደለም። መጫኛው ይጠይቃል፣ እናንተ ትመልሳላችሁ፣ ያልቃል። ግን በዚያች አጭር ጊዜ የሰጣችኋቸው መልሶች ለዓመታት አብረዋችሁ ይኖራሉ፤ አንዳንዶቹን ደግሞ ዲስኩን አጥፍታችሁ እንደ አዲስ ካልጀመራችሁ በቀር መቀየር አይቻልም። ይህ ጽሑፍ ስለ እነዚያ መልሶች ነው። የምጽፈውም በአዲስ አበባ ዳር ላላችሁ ነው፦ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በየካ አባዶ፣ በቦሌ አራብሳ፣ ወጣ ብሎም በሱሉልታና በለገጣፎ፣ ትምህርት ቤት ወይም ክሊኒክ ወይም ትንሽ መሥሪያ ቤት ውስጥ «አንድ ሰርቨር ይኑረንና ፋይላችንን እዚያ እናስቀምጥ» ለተባላችሁ።

የመጫኛ መመሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ መብራቱ የማይቆራረጥበትን፣ ክፍሉ የቀዘቀዘበትን፣ ባለሙያው ከጎን የማይጠፋበትን ቦታ አስበው የተጻፉ ናቸው። በከተማው ዳር ያለው ኑሮ ሌላ ነው። መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል፤ ሲመጣም ብልጭ ድርግም ብሎ ሊመጣ ይችላል። የክፍሉን ቁልፍ የያዘው ሰው ቅዳሜና እሁድ የለም። ማሽኑን የጫነው ባለሙያ በከተማው ሌላ ጫፍ ሥራ ላይ ነው፤ ለመምጣት ግማሽ ቀኑን መተው አለበት። ስለዚህ መጫኛው በጠየቃችሁ ቁጥር እናንተም ራሳችሁን አንድ ነገር ጠይቁ፦ መብራት ሌሊት ጠፍቶ ሊነጋጋ ሲል ቢመጣ፣ ይህ ማሽን የማንም እጅ ሳይነካው፣ መረጃው ሳይጎድል፣ በራሱ ተነስቶ ሥራ ይጀምራል ወይ? መልሱ «አዎ» እስኪሆን ድረስ መጫኑ አላለቀም።

የትኛውን እንጫን?

ዩኒክስ መሰል የሚባሉት ሲስተሞች አሠራራቸው የሚቀዳው ከአንድ ምንጭ ነው። ዩኒክስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካው ቤል ላብስ በኬን ቶምሰንና በዴኒስ ሪቺ እጅ ተጀመረ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ያደገው ቅርንጫፍ ቢኤስዲ ተባለ፤ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ፍሪቢኤስዲ የዚያ ልጅ ነው። ሊኑክስ ደግሞ ሊነስ ቶርቫልድስ ሄልሲንኪ ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1991 እንደ አዲስ የጻፈው ከርነል ነው። ከርነል ማለት ፕሮሰሰሩን፣ ሚሞሪውንና ዲስኩን ለፕሮግራሞች የሚያከፋፍለው የሲስተሙ ዋና ክፍል ነው። ዴቢያንና ኡቡንቱ የሊኑክስን ከርነል ከብዙ ሌሎች ቡድኖች ሥራ ጋር አሰባስበው የሚያቀርቡ ናቸው። ፍሪቢኤስዲ ግን ከርነሉንም አብረውት የሚሄዱትን መሠረታዊ ፕሮግራሞችም አንድ ፕሮጀክት አብሮ ያዘጋጃቸዋል።

እኔ እዚህ ፍሪቢኤስዲን ይዤ እሄዳለሁ። አንደኛው ምክንያቴ ዜድኤፍኤስ የተባለው የፋይል ሲስተም (ፋይሎች ዲስክ ላይ የሚጻፉበትንና የሚነበቡበትን ሥርዓት የሚመራው ክፍል) ከሲስተሙ ጋር አብሮ መምጣቱ ነው፤ መጫኛው ላይ ከቀረቡት ምርጫዎች አንዱ ስለሆነ ያንን መርጦ ማለፍ ብቻ ነው። ሊኑክስ ላይም ዜድኤፍኤስ ይሠራል፤ ነገር ግን የሁለቱ የፈቃድ ውል ስለማይጣጣም ከዋናው ከርነል ጋር ተዋህዶ አይመጣም፣ ለብቻው ይጨመራል። ሌላው ምክንያቴ ማሽኑ ሲነሳ ምን ምን እንደሚጀምር በአብዛኛው አርሲ ኮንፍ በተባለ አንድ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ መጻፉ ነው። እናንተ ሥራ ብትለቁና ሌላ ሰው ቢተካ፣ ያንን ፋይል ከፍቶ ከላይ እስከ ታች በማንበብ የማሽኑን አኗኗር ይረዳል። የሰው መቀያየር በበዛበት ቦታ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ ማሽኑን ነገ የሚጠብቀው ሰው ኡቡንቱ የሚያውቅ ከሆነ ኡቡንቱ ጫኑ። የጠባቂው እውቀት ከሲስተሙ ብልጫ ይበልጣል። ከዚህ በታች የምለው አብዛኛው እዚያም ይሠራል፤ የሚለየው የፋይሎቹ ስምና ቦታ ነው።

ፍላሹ ከመሰካቱ በፊት

ለትምህርት ቤት ሥራ ትልቅ ሰርቨር አያስፈልግም። ለመምህራን የጋራ ፎልደር፣ ለተማሪዎች ውጤት ዳታቤዝና በግቢው ውስጥ ብቻ የሚታይ አንድ ድረ ገጽ ለማስኬድ 8 ጊጋባይት ሚሞሪና ሁለት ዲስክ ያለው ያገለገለ ዴስክቶፕ ይበቃል። እንዲያውም እመርጠዋለሁ፦ ትንሽ ኤሌክትሪክ ነው የሚበላው፣ ስለዚህ ዩፒኤሱ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጠው ባለ ባትሪ መሣሪያ፣ ረዘም ላለ ጊዜ ይሸከመዋል። ያገለገለ ዲስክ ከሆነ ግን ሳትመረምሩ አትመኑት። ዲስኮች ስንት ሰዓት እንደሠሩና ስንት የተበላሸ ቦታ በመጠባበቂያ እንደተኩ በውስጣቸው ይመዘግባሉ፤ ስማርት የሚባለው ምርመራ ይህን ያነብላችኋል። የተተካው ቦታ ቁጥር ካለና እየጨመረ ከሆነ ያንን ዲስክ ለሌላ ሥራ ተዉት። ሁለቱን ዲስኮች ከተቻለ ከተለያየ አምራች ግዙ፤ በአንድ ቀን ከአንድ ካርቶን የወጡ ሁለት ዲስኮች በአንድ ሰሞን ሊሞቱ ይችላሉ።

ከዚያ ወደ ባዮስ ግቡ፤ ባዮስ ማለት ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ከመነሳቱ በፊት ማሽኑን የሚያስነሳው፣ በማሽኑ ውስጥ ያለ ፕሮግራም ነው። ማንም ብዙ የማያስብበት፣ በእኛ ሁኔታ ግን ከሁሉ የሚቀድም ቦታ ነው። በመጀመሪያ ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ ማሽኑ ምን ያድርግ የሚለውን ምርጫ ፈልጉ። ብዙ ዴስክቶፖች ከፋብሪካ ሲመጡ «ጠፍተህ ቆይ» ተብለው ነው፤ «ተነስ» ወደሚለው ቀይሩት። ቀጥሎ አንዳንድ ዴስክቶፖች ኪቦርድ ካልተሰካላቸው መንገድ ላይ ቆመው ኤፍ1ን ተጫኑ ይላሉ። ሰርቨር ኪቦርድ ሳይሰካለት የሚኖር ስለሆነ ይህንንም አጥፉት። በመጨረሻም ማሽኑ በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት በራሱ እንዲነሳ የሚያደርግ የደወል ምርጫ ካለ አስተካክሉት፤ ጥቅሙን ዩፒኤሱ ጋ ስንደርስ ታያላችሁ።

እነዚህን ምርጫዎች ሁሉ ከአደጋ የምትጠብቀው በማዘርቦርዱ ላይ ያለች ሲአር 2032 የተባለች ክብ ባትሪ ናት። እሷ ስትሞት በብዙ አሮጌ ማሽኖች ላይ መብራት በጠፋ ቁጥር ባዮሱ ወደ ፋብሪካው ሁኔታ ይመለሳል፣ ሰዓቱም ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ማሽኑም ሲነሳ «ሰዓቴ አልተሞላም» ብሎ ቆሞ ሰው ይጠብቃል። ያገለገለ ማሽን ከገዛችሁ ሌላ ምንም ሳትነኩ ይህችን ባትሪ በአዲስ ቀይሩ። ከሁሉም ዕቃ ርካሿ እሷ ናት፤ ችላ ስትባል ግን ሌላውን ዝግጅት ሁሉ ከንቱ ታደርጋለች።

ሙቀትንም አስቡበት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ያለችው፤ ወደ እንጦጦና ሱሉልታ ስትወጡ ደግሞ ከዚያም ያልፋል። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ቬንትሌተሩ የሚገፋው አየር የሚሸከመው ሙቀት ያነሰ ነው። የሰርቨር አምራቾችም ከ900 ሜትር በላይ ለሚጨመር ለእያንዳንዱ 300 ሜትር ማሽኑ የሚችለውን ከፍተኛ የክፍል ሙቀት በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀንሱታል። የአገራችን አየር ቀዝቃዛ ነው ብሎ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ባለች፣ መስኮት በሌላት ዕቃ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ አይበጅም። መንገዱ ገና ባልተነጠፈበት ሰፈር አቧራውም አለ፤ ማሽኑን ከወለል ከፍ አድርጉ፣ ውስጡንም በየጊዜው አጽዱ።

የመጫኛውን ፋይል በተመለከተ፣ ኢንተርኔት ጥሩ ወደሆነበት ቦታ ሄዳችሁ የዲቪዲ መጠን ያለውን ሙሉውን ቅጂ አውርዱ። ትንሹ ቅጂ የቀረውን ሲጭን ከኢንተርኔት ስለሚያወርድ በመሃል ኔትወርክ ቢቋረጥ ያስቸግራል። ከወረደ በኋላ ከፋይሉ ጎን የሚለጠፈውን የማረጋገጫ ቁጥር ከወረደው ፋይል ጋር አመሳክሩ፤ በመንገድ ላይ የተበላሸ ፋይል መጫኑ መሃል ላይ ከደረሰ በኋላ ነው ጉዱ የሚታየው።

ዲስኩ ላይ የሚወሰነው

እዚህ ረጋ ብለን እንሂድ፤ የመጫኑ ዋና ጉዳይ ይህ ነው።

አንዲት መምህርት የተማሪ ውጤት መዝግባ ሴቭ ስታደርግ ለእርሷ አንድ ድርጊት ነው። ለዲስኩ ግን ብዙ ነው። የፋይሉ ይዘት አንድ ቦታ ይጻፋል፣ የፋይሉ መጠንና ቀን ሌላ ቦታ፣ የትኛው የዲስክ ክፍል እንደተያዘ የሚናገረው መዝገብ ደግሞ ሌላ ቦታ። ሦስቱ በተለያየ ቅጽበት ነው የሚጻፉት። በመካከል መብራት ከሄደ አንዱ ተጽፎ ሌላው ይቀራል። ዲስኩ አልተጎዳም፤ በላዩ ያሉት መዝገቦች ግን እርስ በርሳቸው አይስማሙም።

የቀድሞዎቹ የፋይል ሲስተሞች ይህን የሚያስተካክሉት ማሽኑ እንደገና ሲነሳ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር በመመርመር ነው። ምርመራው ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ ከበድ ያለ ስህተት ሲያገኝ ደግሞ ቆሞ «ላስተካክለው?» ብሎ ይጠይቃል። ስክሪን የሌለው ማሽን በተቆለፈ ክፍል ውስጥ ይህን ጠይቆ እስከ ሰኞ ጠዋት ሲጠብቅ፣ ሰዉ «ሰርቨሩ ተቃጠለ» ይላል። አልተቃጠለም፤ መልስ እየጠበቀ ነው። ሊኑክስ ላይ የተለመደው ኤክስት 4 እና መሰሎቹ ሊያደርጉት ያሰቡትን አስቀድመው ጆርናል በሚባል አጭር ማስታወሻ ይይዛሉ። ማሽኑ ሲነሳ ያንን ማስታወሻ ብቻ አንብቦ የተጀመረውን ይጨርሳል። ይህ ትልቅ መሻሻል ነው፤ ለብዙ ቦታም ይበቃል።

ዜድኤፍኤስ ችግሩን ከመነሻው ይዘጋዋል። በሰን ማይክሮሲስተምስ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2005 ኮዱ ለሕዝብ የተከፈተ ነው። ትልቁ ሐሳቡ ባለ መረጃ ላይ ደርቦ አለመጻፍ ነው። ጥንቁቅ የእድር ጸሐፊን አስቡ፦ የአባላቱ ሂሳብ ሲቀየር አሮጌውን ገጽ አይሰርዝም፣ አይደልዝም። አዲሱን ገጽ በንጹሕ ወረቀት ላይ እስከ መጨረሻው ጽፎ፣ ደምሮ ካመሳከረ በኋላ ማውጫው ላይ «ከእንግዲህ የሚሠራው ይህኛው ነው» ብሎ ያመለክታል። መሃል ላይ ለቀብር ተጠርቶ ቢወጣ አሮጌው ገጽ እንዳለ ነው፤ ግማሽ የሆነ ሂሳብ የለም። ዜድኤፍኤስም አዲሱን ከጻፈ በኋላ ነው ማውጫውን የሚያዞረው። ይህንንም በመደበኛ አሠራሩ ቢዘገይ በየ5 ሰከንዱ ያደርገዋል። መብራት ቢጠፋ የመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ሥራ ሊቀር ይችላል፤ ከዚያ በፊት ያለው ግን ወጥ ሆኖ ይገኛል፣ ሲነሳም የሚጠይቃችሁ ጥያቄ የለም። እንደ ፖስትግሬስ ያለ ዳታቤዝ «ይህ አሁኑኑ ዲስክ ላይ ይድረስልኝ» ሲለው ደግሞ 5 ሰከንዱን ሳይጠብቅ ወዲያው ይጽፍለታል።

ሌላው ውለታው ለጻፈው ለእያንዳንዱ ቁራጭ መረጃ የማረጋገጫ ቁጥር መያዙ ነው። ሲያነብ ቁጥሩ ካልገጠመ ዲስኩ የተሳሳተ ነገር እንደሰጠው ያውቃል። መጫኛው የዲስኮቹን አደረጃጀት ሲጠይቃችሁ ሚረር የሚለውን ከመረጣችሁ ሁሉም ነገር በሁለቱም ዲስኮች ላይ ስለሚጻፍ፣ የተበላሸውን ከጤነኛው ቀድቶ በራሱ ያርመዋል። አስቀድሞ ተመርጦ የሚመጣው ስትራይፕ የሚለው ነው፤ እሱ ሁለቱን ዲስኮች እንደ አንድ ትልቅ ዲስክ ያያይዛቸዋል፣ አንዱ ሲሞት ሁሉም ይሞታል። ኋላ መቀየር ከሚያስቸግሩት መልሶች አንዱ ይኸው ነው፤ ተቻኩላችሁ አትለፉት።

ዜድኤፍኤስ ግን ዲስኩ እውነቱን እንዲነግረው ይፈልጋል። ርካሽ ኤስኤስዲዎች (የሚሽከረከር ክፍል የሌላቸው ዲስኮች) የተሰጣቸውን መረጃ በመጀመሪያ የሚይዙት መብራት ሲጠፋ በሚጠፋ ጊዜያዊ ሚሞሪ ላይ ነው፤ አንዳንዶቹም ገና ሳይጽፉ «ጽፌያለሁ» ይላሉ። ለሰርቨር ተብለው የተሠሩት ግን መብራት ሲቋረጥ በእጃቸው ያለውን ጽፈው የሚጨርሱበት ያህል ኃይል የሚይዙ ካፓሲተሮች አሏቸው። የገንዘብ ወይም የሕመምተኛ መዝገብ የሚቀመጥ ከሆነ ለእነዚህ መክፈል ይገባል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ዲስኩ በምስጢር ቁልፍ ይቆለፍ ወይ የሚል ነው። ደኅንነት የሚወድ ሰው እጁ ወደ «አዎ» ይሮጣል። ግን የመጀመሪያውን ጥያቄያችንን አስታውሱ፦ ዲስኩ ሁሉ ከተቆለፈ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ፓስወርድ የሚያስገባ ሰው ይጠብቃል። መብራት በሄደ ቁጥር ሰርቨሩ ሰው እስኪመጣ ዝም ይላል ማለት ነው። በሌላ በኩል ማሽኑ ቢሰረቅ ያልተቆለፈ ዲስክ ለማንም ይነበባል። የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው፦ የጋራ ፎልደርና የመማሪያ ጽሑፍ ለሚይዝ ማሽን አትቆልፉት። የሕክምና መዝገብ ላለበት ክሊኒክ ግን ሲስተሙን ሳትቆልፉ መዝገቡ ያለበትን ክፍል ብቻ ቆልፉ። ማሽኑ በራሱ ይነሳል፣ በኔትወርክም ይገኛል፤ ኃላፊው ጠዋት ገብቶ አንድ ቁልፍ ሲሰጠው መዝገቡ ይከፈታል። ከዚህ በላይ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚያሟላ መንገድ በትንሽ ወጪ የለም።

አንድ ነገር ደግሞ ለኋላው ያዙ። ከሁለቱ ዲስኮች አንዱ ሞቶ በአዲስ ሲተካ ዜድኤፍኤስ መረጃውን ወደ አዲሱ ይገለብጣል፤ ማሽኑ የሚነሳበትን ትንሽ ክፍል ግን አይገለብጥም። እሱን በእጃችሁ ካላደረጋችሁት ሁለተኛው ዲስክ የሞተ ቀን መረጃው እያለ ማሽኑ አይነሳም።

ዩፒኤስ ተሰክቷል ማለት ተዘጋጅተናል ማለት አይደለም

በብዙ ቦታ ዩፒኤስ ተገዝቶ ሰርቨሩ ተሰክቶበታል፤ ሁለቱ ግን አይነጋገሩም። ባትሪው ሲያልቅ ሰርቨሩ ምንም እንደሌለው ድንገት ይጠፋል። የተገኘው ነገር አደጋውን በጥቂት ደቂቃዎች ማዘግየት ብቻ ነው። ስለዚህ ዩፒኤስ ስትገዙ ከጀርባው የዩኤስቢ ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ እንዳለው ተመልከቱ፤ ርካሾቹ ብዙ ጊዜ የላቸውም። በዚያ ገመድ አማካይነት ኔትወርክ ዩፒኤስ ቱልስ የሚባል ነፃ ፕሮግራም የባትሪውን ሁኔታ ይከታተላል። ኃይል ሲቋረጥ ይመዘግባል፤ ባትሪው ወደ ማለቁ ሲደርስ ዳታቤዙን ዘግቶ፣ ፋይሎቹን አስቀምጦ ሰርቨሩን በሥርዓት ያጠፋል።

አሁን አንድ ወጥመድ አለ። ባትሪው እያለቀ ነው፣ ሰርቨሩ ራሱን ማጥፋት ጀምሯል እንበል። ልክ በዚያ ደቂቃ መብራት መጣ። ሰርቨሩ የጀመረውን ጨርሶ ይጠፋል። ዩፒኤሱ ግን አንዴም ስላልጠፋ ለሰርቨሩ ኃይል መስጠቱን አላቋረጠም። ባዮሱ «ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ ተነስ» ነበር የተባለው፤ በእሱ በኩል ምንም ኃይል አልተቋረጠም። ስለዚህ መብራት እያለ፣ ዩፒኤሱ አረንጓዴ እያበራ፣ ሰርቨሩ ጠፍቶ ይቀመጣል።

መፍትሔው ፕሮግራሙ ውስጥ አለ፤ ማስተካከል ግን የእናንተ ፋንታ ነው። ሰርቨሩ ሊጠፋ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ለዩፒኤሱ «ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ለእኔ የምትሰጠውን ኃይል ቁረጥ፣ መብራት ካለ ቆይተህ መልስ» የሚል ትእዛዝ እንዲልክ ይደረጋል። መብራቱ ቢመጣም ባይመጣም ኃይሉ አንዴ ይቋረጣል፤ ሲመለስ ባዮሱ ያየዋል፣ ማሽኑም ይነሳል። ዩፒኤሱ ይህን ትእዛዝ የማይቀበል ዓይነት ከሆነ ያቺ በባዮስ ውስጥ ያስተካከልናት የየቀኑ ደወል ትደርሳለች፦ ሌሊት ጠፍቶ የቀረ ማሽን ጠዋት ሠራተኛው ከመግባቱ በፊት ይነሳል።

ዩፒኤሱ ላይ ሰርቨሩን፣ ራውተሩንና ስዊቹን ብቻ ሰኩ። ሌዘር ፕሪንተር በፍጹም አይሰካበት፤ ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ዩፒኤሱን ሊያጠፋው ይችላል። የቮልቴጅ መዋዠቅ ባለበት ሰፈር ደግሞ ከዩፒኤሱ በፊት ስታቢላይዘር ቢገባ ባትሪው አላግባብ ከመሥራት ይድናል። የዩፒኤስ ባትሪ በተደጋጋሚ ባለቀ ቁጥር ዕድሜው ያጥራል። መብራት ቶሎ ቶሎ በሚሄድበት ቦታ በአምራቹ የተጻፈውን ዓመት አትጠብቁ፤ ለመተኪያው ከወዲሁ በጀት ያዙ።

ሰዓቱ

መጫኛው የሰዓት ቀጠናውን ሲጠይቅ አፍሪካን፣ ከዚያ ኢትዮጵያን ትመርጣላችሁ። ከዓለም አቀፉ ሰዓት 3 ሰዓት እንቀድማለን፤ የበጋና የክረምት ለውጥ ስለሌለን ይህ አንዴ ተደርጎ ያበቃል። ነገር ግን ማሽኑ ቀኑን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው። የእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ለእሱ 3 ሰዓት ነው። ሥራ በቀጠሮ ስታስይዙት በየትኛው አቆጣጠር እንደጻፋችሁ ከጎኑ በማስታወሻ ግለጹ፤ የ6 ሰዓቱ ልዩነት የሌሊቱን ባክአፕ (የፋይሎቹን መጠባበቂያ ቅጂ መያዝ) ትምህርት መሃል ላይ ሊያመጣው ይችላል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ፣ ሳይስተዋል የሚያልፍ ነገር አለ። ፍሪቢኤስዲ የየቀኑን ጽዳትና ምርመራ የሚያደርገው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ላይ ነው። ክሮን የሚባለው ቀጠሮ ያዥ ያለፈ ቀጠሮን አያካክስም፤ በዚያ ደቂቃ ማሽኑ ጠፍቶ ከነበረ ሥራው ለነገ ይተላለፋል። ትምህርት ቤቱ ማታ ማታ ማሽኑን የሚያጠፋ ከሆነ ደግሞ ለወራት አንዴም ላይሠራ ይችላል፤ የዲስክ መበላሸትን እንዲያሳውቅ ያስተካከላችሁት ምርመራ ካለ እሱም አብሮ ይቀራል። ሰዓቱን ወደ ምሳ ሰዓት፣ ለምሳሌ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ለእኛ፣ 12 ሰዓት ተኩል ለማሽኑ፣ አዙሩት።

ሰዓቱን ከኢንተርኔት የሚያስተካክለውን አገልግሎትም በመጫኛው ላይ ምረጡት። እሱም ጠባይ አለው፦ ልዩነቱ ከ1,000 ሰከንድ፣ ማለትም ከ17 ደቂቃ ገደማ ካለፈ «ይህ ሊታመን አይችልም» ብሎ ሥራውን ያቆማል። ያቺ ክብ ባትሪ ሞታ ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ከሄደ ማስተካከያው ጭራሹን አይሠራም፤ ያኔ የድረ ገጾች ሰርተፍኬት ሁሉ «ቀኑ ገና አልደረሰም» ተብሎ ይጣላል፣ አፕዴትም አይወርድም። መጫኛው ላይ «ሲነሳ ሰዓቱን አንድ ጊዜ በሙሉ አስተካክል» የሚለውን ምርጫ ስትጨምሩበት ይህ ችግር ይወገዳል።

ኔትወርክና መግቢያ

ሰርቨሩን በገመድ አገናኙት፤ ዋይፋይ ለሰርቨር አይሆንም። የአይፒ አድራሻውንም (በኔትወርኩ ውስጥ የሚታወቅበትን ቁጥር) ራሳችሁ ቋሚ አድርጋችሁ ስጡት። ምክንያቱ ያው ነው፦ መብራት ሲመጣ ሰርቨሩና ራውተሩ አብረው ይነሳሉ፤ ራውተሩ ከዘገየ አድራሻ ሊለምን የተነሳው ሰርቨር ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል። ቋሚ አድራሻ ያለው ማንንም አይጠብቅም። አድራሻው ራውተሩ ለሌሎች ከሚያድለው ክልል ውጭ ይሁን።

ከሩቅ የሚገባበት መንገድ ኤስኤስኤች ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ታቱ ዩሎነን የተባለ ፊንላንዳዊ የዩኒቨርሲቲውን ኔትወርክ እየሰለሉ ፓስወርድ የሚሰርቁ ሰዎችን ለመከላከል ሠራው፤ ዛሬ የምንጠቀምበት ኦፕንኤስኤስኤች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 ከኦፕንቢኤስዲ ቡድን የወጣ ነው። በፓስወርድ መግባትን ዘግታችሁ በቁልፍ ፋይል ብቻ እንዲገባ አድርጉ። ስትቀይሩ ግን የከፈታችሁትን መስኮት ሳትዘጉ በሌላ መስኮት መግባታችሁን አረጋግጡ፤ በፋየርዎል (ያልተፈለገ ግንኙነትን በሚከለክለው ፕሮግራም) ላይም ይኸው ጥንቃቄ ይሠራል። ለየሰዉ የራሱን መለያ ስጡት፣ የአስተዳዳሪው መለያ ለዕለት ሥራ አይነካ። በሞባይል ኔትወርክ ራውተር የምትጠቀሙ ከሆነ ከውጭ በቀጥታ የሚደረስበት አድራሻ አብዛኛውን ጊዜ አይኖራችሁም፤ ያኔ ሰርቨሩ ራሱ ወደ ውጭ ደውሎ የሚይዘው ዋየርጋርድ የተባለ ዋሻ መፍትሔ ነው።

ፋይሎቻችሁ የአማርኛ ስም ቢኖራቸው ምንም ችግር የለም፤ የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው፣ ለዓለም ፊደላት የኮምፒውተር ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት ውስጥ ገብቷል። ግን በተለመደው አጻጻፍ አንድ ፊደላችን 3 ባይት ይይዛል። የፋይል ስም ወሰን ደግሞ 255 ባይት ነው፤ ስለዚህ ከ85 ፊደል ያለፈ ስም አይቀበልም። ሙሉ አረፍተ ነገር የፋይል ስም ለሚያደርግ ጽሕፈት ቤት አስቀድማችሁ ንገሩት።

ባክአፕ

ሚረር ባክአፕ አይደለም። ፋይል በስህተት ሲጠፋ ከሁለቱም ዲስክ እኩል ይጠፋል። ዜድኤፍኤስ ስናፕሾት የሚባል የዚያን ቅጽበት ምስል በሰከንድ ውስጥ ያነሳል፤ አሮጌው ገጽ ስለማይሰረዝ ምስሉ ሲነሳ ቦታም አይፈጅም፣ የሚጨምረው ፋይሎቹ ሲቀየሩ ነው። በየሰዓቱ አንሱ፣ የቆዩትን ሰርዙ፤ መምህሩ «ትናንት የነበረው ጠፋብኝ» ሲል የምትመልሱለት ከዚያ ነው። ሌባና እሳት ግን ማሽኑንም ስናፕሾቱንም አብረው ይወስዳሉ። ስለዚህ ካለፈው ጊዜ ወዲህ የተለወጠውን ብቻ ወደ ውጭ ዲስክ ላኩ፣ ዲስኩም በሳምንት አንዴ ከግቢው ይውጣ። እንዲህ ያለውን ዲስክ መቆለፍ ደግሞ ግድ ነው፤ በቦርሳ የሚዞር ነውና። አፕዴት ከማድረጋችሁ በፊትም የሲስተሙን ቅጂ በስናፕሾት ያዙ፤ አዲሱ ካስቸገረ ማሽኑ ሲነሳ በሚያሳየው ዝርዝር ላይ አሮጌውን መርጦ መመለስ ይቻላል።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ተማሪ በሌለበት ቀን ፈትኑት። ባክአፕ ያዙ። ከዚያ የዩፒኤሱን ገመድ ከግድግዳው ንቀሉና ባትሪው እስኪያልቅ ሳትነኩት ተመልከቱ። በሥርዓት ጠፋ? ገመዱን መልሱ። በራሱ ተነሳ? ፎልደሩ ከሌላ ኮምፒውተር ተከፈተ? ሰዓቱ ትክክል ነው? ሁለተኛውን ዙር ደግሞ ሰርቨሩ ራሱን ማጥፋት እንደጀመረ ገመዱን መልሱ፤ ያንን ወጥመድ የሚያሳየው ይህ ነው። በሦስተኛው አንዱን ዲስክ ነቅላችሁ በሌላው ብቻ መነሳቱን እዩ፤ ከዚያ ቦታዎቹን ቀያይራችሁ ከመድገማችሁ በፊት የነቀላችሁትን መልሳችሁ ሁለቱ እስኪስማሙ ጠብቁ።

በመጨረሻ የማሽኑን አይፒ አድራሻ፣ የዲስኮቹን መለያ ቁጥር፣ የዩፒኤሱ ባትሪ የተቀየረበትን ቀንና አርሲ ኮንፍን አትማችሁ ሳጥኑ ላይ ለጥፉ፤ ፓስወርድ ግን አይጻፍበት፣ እሱ በታሸገ ፖስታ ከኃላፊው ዘንድ ይቀመጥ። ጽሑፉ በአማርኛ ይሁን፤ ጥበቃውም ጸሐፊዋም በስልክ ሊያነቡላችሁ ይችላሉ። የፈተናው ቀንና ውጤትም እዚያው ይመዝገብ። በየ3 ወሩ ድገሙት፣ አንዱ ዙር ክረምት ከመግባቱ በፊት ይዋል።